የሙሽራዋ ቅዳሜና የእማማ እፍኝ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ አዳራሹ ጸጥ እንደሚል እናውቃለን። ያልተከፈለ መዋጮ ሊነበብ ነው ተብሎ ነው። ዛሬ የማንንም ስም አናነብም። የምናወራችሁ ስለ አንድ ቅዳሜ፣ ስለ አንዲት ሙሽራና ስለ ሁለት ድስት ዶሮ ወጥ ነው። ወደ ሒሳቡ መመለሳችን ግን አይቀርም።

ባለፈው ግንቦት ከወጣት አባሎቻችን አንዷ ልታገባ ነበር። ሚዜዎቿ እንደ ዘመኑ ወግ ብራይዳል ሻወር አሰቡ። አዳራሽ፣ ፊኛ፣ ኬክ፣ ፎቶ አንሺ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ቀሚስ። ነገሩን የሰማነው ከሚዜዎቹ ሦስቱ ለቀሚሱ ብለው ከቁጠባቸው ወጪ ሊጠይቁ ቅጽ ሲሞሉ ነው። አንዷ ያንን ብር ያጠራቀመችው ለልብስ ስፌት መኪና ነበር።

ደስታ መከልከል የእኛ ሥራ አይደለም። እናቶቻችንም የሙሽራ ዋዜማ ነበራቸው፤ ሙሽራዋ ከጓደኞቿ ጋር እንሶስላ ትሞቃለች፣ ይዘፈናል፣ ይታደራል። በሙስሊም እህቶቻችን ቤት ሂና አለ። ከዚህ ሌላ ግን ስም ያልወጣለት አንድ ግብዣ ነበር፤ የሽንኩርት ልጣጩ ቀን። ሠርግ ሲቃረብ የሰፈሩ ሴቶች ቢላዋና መክተፊያቸውን ይዘው ይመጣሉ። እያለቀሱ ይስቃሉ። ልጃገረዶቹ መጀመሪያ ልጣጭ ያነሳሉ፣ ቀጥሎ ይከትፋሉ፣ ከዓመታት በኋላ ማማሰያው ይሰጣቸዋል። ማንም ሥልጠና ብሎ አልጠራውም እንጂ የዶሮ ወጥ ትምህርት ቤት እሱ ነበር። አሁን የሠርጉን ምግብ ኬተሪንግ ያመጣዋል። የእናቶቻችን ወገብ ስላረፈ አናማርርም። ትምህርት ቤቱ ግን ተዘግቷል። ሙሽራችን ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ ተወልዳ ባደገችበት በቤቴል ብዙ ሠርግ አይታ፣ አንድም ቀን ዶሮ ወጥ ሠርታ አታውቅም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀረብን፤ አዳራሹ ይቅርና ቅዳሜ በማኅበራችን ግቢ እንሰባሰብ፣ እማማ ዶሮ ወጥ ያስተምሩን። እማማ የምንላቸውን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ከአጠና ተራ እስከ ዓለም ባንክ ሠርግና ተዝካር ሲኖር ወጥ ለመሥራት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው።

ሐሳቡን ሁሉም አልወደደውም። አንዲት ወጣት አባላችን፣ «ሙሽራን በዋዜማዋ ወደ ጓዳ መመለስ ነው ወይ የእኛ ዓላማ?» አለችን። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ራስ ባል ነበር። ይህ የተለወጠው በአዋጅ ቁጥር 213/1992 በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ዛሬ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል ናቸው። (ፈረሰኛዋ ግን እስካሁን ለአባወራው ነው የምትወጣው፤ አዋጁ እሷ ጋ አልደረሰም።) መልሱን ለሙሽራዋ ተውንላት። «የምፈልገው ማወቅ ነው፤ በየቀኑ እኔ እሠራለሁ አላልኩም» አለች። በዚሁ ተስማማን።

አሥራ አራት ሆነን ተሰበሰብን። ከመካከላችን አምስቱ ሙስሊሞች ስለሆኑ ሁለት ዶሮ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ አዘጋጀን። በኮልፌ ለኖረ ሰው ይህ ማብራሪያ አይፈልግም፤ በአንድ ግቢ ስንበላ ሥጋው እንደሚለይ ልጆቻችንም ያውቃሉ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ስለነበር የክርስቲያኖቹ ጾም አላስቸገረንም። ያልታሰበው ሌላ ነገር ነው። ዶሮዎቹን የሚባርክ ወንድ አልነበረም! አሥራ አራት ሴቶች፣ ሁለት ዲፕሎማና አንድ ዲግሪ ይዘን፣ በር ላይ ቆመን ወንድ ስንጠብቅ አንድ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ አንዱን የሙሽራዋ ወንድም፣ ሌላውን የጎረቤታችን የሐጂ ልጅ ባረኩልን።

ከዚያ እማማ ጀመሩ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ ደቆ የተከተፈ። ዘይት ሳይነካው በደረቁ ይቁላላል፤ እንዳይዝ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውኃ ነው። ዘይቱ፣ በርበሬው፣ ቅቤው በየተራቸው ይመጣሉ። ዶሮው አሥራ ሁለት ብልት ወጥቶለት በሎሚና በጨው ይታጠባል፤ ውኃው ኩልል እስኪል ይደጋገማል። ሙሽራዋ አራተኛው ላይ ደከማት። እማማ ሰባተኛው ላይም አልረኩም።

እኛ ደግሞ ልማዳችን ነውና መዝገብ ይዘን አጠገባቸው ቆምን። «ስንት በርበሬ?» «በቃ፣ የሚበቃውን።» «ስንት ግራም?» «በእፍኝ ነዋ፣ ልጄ!» እፍኛቸውን ድስት ውስጥ ከመጨመራቸው በፊት በወጥ ቤት ሚዛን ላይ እንዲያስቀምጡልን ለመንናቸው። ሦስት ጊዜ ዘገኑ፣ ሦስት ጊዜ መዘንን። በትልቁና በትንሹ መካከል የነበረው ልዩነት አራት ግራም ነው። ሙሽራዋ ስትዘግን ልዩነቱ ሃያ ስድስት ሆነ። ከዚያ በኋላ «በግምት» የሚለውን ቃል ከመዝገባችን ሰረዝነው።

ሁሉም አልተሳካም። አንደኛው ድስት ቪዲዮ ስንቀርጽ ሽንኩርቱ አረረ። እማማ ድስቱን አሽትተው ብቻ «ድፉት» አሉ። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በዛሬ ዋጋ ድፉት ሲባል የሒሳብ ሠራተኛ ምን እንደሚሰማት ገምቱ። እንደገና ከተፍን። የበላነው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሙሽራው ሙሽራዋን ሊወስድ ሲመጣ ድስቶቹን እሱ አጠባቸው። ማንም አላዘዘውም፤ እማማ ብቻ ትንሽ አይተውታል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። የቀኑ ወጪ በሙሉ ሲደመር ለአዳራሹ ብቻ ከተጠየቀው ኪራይ አንድ አምስተኛ አይሞላም። የስፌት መኪናው ብር ቁጠባው ላይ ነው። ይህን ስንደምር ደስ አለን። ከዚያ አንድ ዓምድ ባዶ መሆኑን አየን፤ የአሠልጣኝ ክፍያ። ለእማማ ምንም አልተከፈለም። ማናችንም አላሰብነውም።

ነገሩ ወደ ኋላ አስሄደን። ከሁለት ዓመት በፊት እማማ ሁለት ትልልቅ ብረት ድስትና የጋዝ ምድጃ ለመግዛት ብድር ጠይቀውን ነበር። ፋይሉን አወጣነው። በራሳችን እጅ «የገቢ ማስረጃ ስላልቀረበ ተመልሷል» ተብሎ ተጽፎበታል። ከየት ያምጡ? በእኛ በአባላቱ ሠርግ ላይ ስንት ሌሊት ቆመው አድረዋል፤ የሰጠናቸው ሻሽና ምርቃት ነው። ደረሰኝ የሌለው ሻሽ። እኛው ሳንከፍላቸው ቀርተን፣ እኛው ገቢ የለዎትም አልናቸው።

በአማርኛችን ወጥ የምታውቅ ሴት ባለሙያ ትባላለች። እኛም የሒሳብ ባለሙያ እንባላለን። አንደኛዋ ባለሙያ በወሩ መጨረሻ ትፈርማለች፤ ሌላዋ «እግዜር ይስጥልን» ትባላለች። እማማን ይቅርታ ስንጠይቃቸው፣ «ለጎረቤት ሠርግ ዋጋ አልቆርጥም፤ ነውር ነው» አሉን። አንከራከራቸውም፤ ጎረቤት ለጎረቤት የሚሠራው ይቀጥላል። የማኅበሩ ሥልጠና ግን የጎረቤት ሠርግ አይደለም።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እናቀርባለን። የሙሽራ ቅዳሜ ቋሚ ሥልጠና ይሁንና የምታስተምር እናት በክፍያ ማዘዣ፣ በፊርማዋ ትቀበል። ለግንቦቱ ቅዳሜ የእማማ ክፍያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይከፈል። የተመለሰው የብድር ማመልከቻም እንደገና ይታይ። ደጋፊዎቻችን ድስት ልትገዙልን እንደምትፈልጉ ሰምተናል፤ እናመሰግናለን። እማማ ግን «በብድር ገዝቼ ብከፍል ይሻለኛል» ብለዋል፤ ቃላቸውን እናድርስ።

የሚቀጥለው የሙሽራ ቅዳሜ በሚመጣው ወር ነው። ሙሽራዋ ሙስሊም ስለሆነች የሚባርክልንን ሰው ከአሁኑ ይዘናል። የምትመጡ ሁሉ ቢላዋችሁን አስላችሁ ኑ፤ የግቢያችን ቢላዋዎች ሽንኩርት ይጨፈልቃሉ እንጂ አይቆርጡም። ስልኮች በር ላይ በቅርጫት ይቀመጣሉ።