ያገለገለ ፒካፕ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ምልልሱን ቁጠሩ፣ ሞተሩን ፈትሹ፣ ሰነዱን አጣሩ

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ንግግር



የዛሬው ርእሳችን እንደወትሮው ስለ ዘር ወይም ስለ ማዳበሪያ አይደለም። ከእናንተ መካከል በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የምታመርቱ፣ ወተት ለከተማ የምታቀርቡ፣ ከብት የምታደልቡ አላችሁ። ምርት ሲያድግ አንድ ጥያቄ ይከተላል፤ "ለምን የራሴን መኪና አልገዛም?" የሚል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተለቀመ ቲማቲም ማሳ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ካደረ ዋጋው ይወርዳል። መኪና ያለው ነጋዴም ይህንን ስለሚያውቅ ማሳችሁ ድረስ መጥቶ እሱ በቆረጠው ዋጋ ይወስዳል።

ይሁን እንጂ ብዙ ዓመት የተጠራቀመ ጥሪት በአንድ ቀን ፊርማ የሚያልቀውም በዚሁ ግዢ ነው። ስለዚህ የዛሬው መልእክቴ አጭር ነው፦ መኪና የሚገዛው በሚሠራው ምልልስ እንጂ በቀለሙ አይደለም። ገንዘባችሁ ከእጃችሁ የሚወጣውም ሥራው ተቆጥሮ፣ ሞተሩ ታይቶ፣ ሰነዱ ተጣርቶ ሲያበቃ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና።

1. በመጀመሪያ ምልልሱን ቁጠሩ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በቆጋ መስኖ ግማሽ ሄክታር ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር አለ እንበል። ከማሳው 100 ኩንታል አገኘ። ነጠላ ጋቢና ያለው ፒካፕ በልኩ ሲጫን የሚሸከመው 1 ቶን ገደማ፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። ስለዚህ ምርቱን ወደ ባሕር ዳር ለማድረስ 10 ምልልስ ይበቃዋል። ማዳበሪያውን፣ ዘሩንና ሌላውን ምርት ብንጨምርበት በዓመት 20 ምልልስ ይሆናል።

አሁን ወጪውን እንይ። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ለስሌት ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ እናንተ የአካባቢያችሁን ዋጋ አስገቡ። ለአንድ ምልልስ የሚከፈለው ኪራይ 2,500 ብር ይሁን። ከዚህ ላይ ለናፍጣ፣ ለዘይትና ለጫኝ አውራጅ 1,000 ብር ይወጣል፤ 1,500 ብር ይቀራል። መኪናው ቢሠራም ቢቆምም የማይቀር ወጪ ደግሞ አለ፦ የሾፌር ደመወዝ በወር 8,000 ብር ቢሆን በዓመት 96,000 ብር፤ ጎማ፣ ሰርቪስ፣ መድንና ዓመታዊ ምርመራ አንድ ላይ 84,000 ብር። ድምሩ 180,000 ብር ነው። ይህንን ለ1,500 ስናካፍለው 120 ይመጣል። እንግዲህ መኪናው ምንም ትርፍ ሳያመጣ ራሱን ብቻ ለመቻል በዓመት 120 ምልልስ መሥራት አለበት ማለት ነው።

መኪናው 1,800,000 ብር ተገዝቶ ገንዘቡን በ8 ዓመት ይመልስ ብንል በየዓመቱ 225,000 ብር ያስፈልጋል። ይህም ሌላ 150 ምልልስ ነው። ጠቅላላው 270 ይሆናል፤ በሳምንት ከ5 በላይ። የአርሶ አደሩ የራሱ ሥራ ግን 20 ምልልስ ብቻ ነበር። ቀሪው 250 ከጎረቤት፣ ከማኅበርና ከነጋዴ መምጣት አለበት።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ መኪና እንደተከራያችሁና ስንት እንደከፈላችሁ ጻፉ። ጎረቤቶቻችሁንም ጠይቁ፤ "እጭንብሃለሁ" ያለውን ሳይሆን አምና በእርግጥ የጫነውን ቁጠሩ። ቁጥሩ ካልሞላ በጋራ መከራየት፣ ለጭነት ባጃጅ ማሰብ፣ ወይም ከሁለት ሦስት ታማኝ ሰዎች ጋር በጽሑፍ ውል በሽርክና መግዛት ይሻላል። የእርሻ በሬ ሸጦ ወይም የማዳበሪያ ገንዘብ አንስቶ መኪና መግዛት ግን መኪናው የሚጭነውን ምርት ማጥፋት ነው።

2. የአሮጌ መኪና ዋጋ ጤንነቱን አይነግራችሁም

በገበያ ያለ የሃያ ዓመት መኪና ለምን ይህን ያህል ይወደዳል ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። አንዱ ምክንያት የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ነው። አዋጁ ያገለገሉ መኪኖች ከውጭ ሲገቡ ከፍተኛ ታክስ እንዲከፈልባቸው ስላደረገ፣ ቀድሞ የገባ አሮጌ ፒካፕ ዋጋውን ይዞ ቆይቷል። በዚህ የተነሳ ደህናውም የደከመውም በተቀራረበ ዋጋ ሲጠራ ታያላችሁ። ልዩነቱን የምታገኙት ስትፈትሹት ነው።

በሬ ስትገዙ ጥርሱን ታያላችሁ፣ ሸኮናውን ትመረምራላችሁ፣ ከተቻለም ጠምዳችሁ ትሞክራላችሁ። መኪናንም እንዲሁ አድርጉ። ሻጩ ወይም ደላላው ያመጣውን መካኒክ አትቀበሉ፤ የራሳችሁን መካኒክ ከፍላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከእሱ ጋር ሆናችሁ የሚከተሉትን በዓይናችሁ ተመልከቱ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይነሣ። ስትደርሱ ኮፈኑን ዳስሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታል፤ ችግሩን ሊደብቅ ይችላል። እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ ወይም በማግስቱ ማለዳ ተመለሱ።

ጭሱን እዩ። የማይጠፋ ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚያቃጥል ያመለክታል። ጥቁር ጭስ የናፍጣ አረጫጨት ወይም የአየር ማጣሪያ ችግር ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥል ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል።

ውኃና ዘይቱን እዩ። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ብቻ ነው፤ ሞቆ ከተከፈተ ያቃጥላል። ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፣ ወይም ሞተሩ ሲነሣ አረፋው አላቋርጥ ካለ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው ተጎድቷል ብላችሁ ጠርጥሩ። የዘይት መለኪያውን ስታወጡ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለም ውኃ ገብቶበታል። በአሮጌ ሂሉክስ ላይ የሚገኙት ቱ ኤል፣ ስሪ ኤልና ፋይቭ ኤል የሚባሉ የናፍጣ ሞተሮች ጠንካራ ናቸው፤ ዋናው ጠላታቸው ከመጠን ያለፈ ሙቀት ነው።

ስለ ቺንጋው ጠይቁ። እነዚሁ ሞተሮች በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚለወጥ የታይሚንግ ቺንጋ አላቸው። መንገድ ላይ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይበላሻል። መቼ እንደተለወጠ የሚያሳይ ማስረጃ ከሌለ እንዳልተለወጠ ቆጥራችሁ ወጪውን ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ከሥር ግቡ። በገጠር የሠራ ፒካፕ የ10 ኩንታል አቅም ይዞ 20 ኩንታል ሲጫንበት የኖረ ሊሆን ይችላል። ከጋቢናው ጀርባና ባሌስትራው በሚታሰርበት ቦታ ሻንሲው ተሰንጥቆ ወይም በብየዳ ተጠግኖ እንደሆነ እዩ። የባሌስትራ ንጣፍ የተጨመረበት መኪና ከልክ በላይ እንደጫነ ምስክር ነው። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ካለቀም የፊት እግሩ ወይም ሻንሲው ተጣሟል ማለት ሊሆን ይችላል።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ። ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፔዳሉ ጎማ ተልጦ፣ መሪው ለስልሶ፣ የሾፌሩ ወንበር ሰምጦ ሳለ ቆጣሪው 80,000 ቢል ማንን እንደምታምኑ ታውቃላችሁ።

ንዱት። አስፋልት ላይ ብቻ ሳይሆን ዳገትና ኮረኮንች ላይ፣ ከተቻለ ጭኖ። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተት እንደሆነ፣ ማርሹ እየዘለለ ይወጣ እንደሆነ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስብ እንደሆነ አስተውሉ። ፎር ዊል ካለው አስገብታችሁ ሞክሩት።

3. ሰነዱን ራሳችሁ አጣሩ

ሞተር ቢበላሽ ይሠራል፤ ሰነዱ የተበላሸ መኪና ግን ገንዘባችሁን ይዞ ይቆማል።

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። ቁጥሩ ተፍቆ ወይም ተቆርጦ የተበየደ ከመሰለ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት።

ሊብሬው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ማን ነው? ሻጩ ራሱ ካልሆነ ተጠንቀቁ። በውክልና ብቻ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ መኪና አደገኛ ነው። በሕጋችን ወካዩ ሲሞት ውክልናው ይቀራል፤ ወካዩ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል። ያን ጊዜ መኪናው በእጃችሁ ቢሆንም በስማችሁ አይደለም፤ ከወራሾች ጋር ክርክር ትገባላችሁ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነም የትዳር ጓደኛው ፈቃድና ፊርማ ይኑር።

መኪናው የተመዘገበበት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንዳለበት አጣሩ። ለባንክ ብድር የተያዘ፣ በፍርድ ቤት የታገደ፣ ያልተከፈለ ቅጣት ያለበት ሊሆን ይችላል። በተለይ ከቀረጥ ነፃ የገባ እንዳይሆን ጠይቁ። ለኢንቨስትመንት ወይም ለእርዳታ ሥራ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው እንዲሁ አይተላለፍም።

ታርጋውንም ከሥራችሁ ጋር አገናዝቡ። በለመድነው አጠራር ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ ነው። ቅድም ካሰላነው 270 ምልልስ 250ው በክፍያ ለሰው የሚጫን ነበር። ለዚህ ሥራ ታርጋው፣ ፈቃዱና መድኑ የሚስማሙ መሆን አለባቸው። በግል ታርጋ እየጫናችሁ አደጋ ቢደርስ መድን ድርጅቱ አልከፍልም ሊል ይችላል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ የዓመቱ ምርመራ ቦሎም የታደሰ ይሁን።

4. ቀብድ፣ ውልና ክፍያ

ደላላ "ሌላ ገዢ እየመጣ ነው፤ ቀብድ ጣሉ" ይላችኋል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ወገን ካልፈጸመ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ቀብድ የሚሰጠው ከፍተሻው በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም። መስጠት ካለባችሁም በጽሑፍ፣ ምስክር ባለበት፣ "ዕዳና እገዳ ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል" የሚል ቃል ተጨምሮ ይሁን። የደላላውንም ክፍያ፣ ማን እንደሚከፍልና ስንት እንደሆነ፣ አስቀድማችሁ ቁረጡ።

ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይፈረም። እውነተኛው ዋጋ ይጻፍ፤ ታክስ ለማሳነስ ዝቅ ብሎ የተጻፈ ዋጋ ነገ ክርክር ቢነሣ የሚያስመልስላችሁ ያንኑ ዝቅ ያለውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ክፍያው በባንክ ይተላለፍ። ስም ማዛወሩንም ለነገ አታሳድሩት።

5. ከግዢው በኋላ

ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለመኪናው ዋጋ አትክፈሉ። ያገለገለ መኪና በመጀመሪያዎቹ ወራት ጎማ፣ ባትሪ፣ ቺንጋ ወይም ፍሪሲዮን ይጠይቃል። ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ካላስቀራችሁ መኪናው በር ላይ ቆሞ ምርታችሁን በኪራይ መኪና ታስጭናላችሁ። ለምልልሱ መዝገብ ያዙ፤ ቀን፣ ጭነት፣ ገቢ፣ ናፍጣ፣ ጥገና። መዝገቡን ባልና ሚስት በየወሩ መጨረሻ አብረው ይዩት። ከሁሉም በላይ ልኩን ጫኑ። ዛሬ በትርፍ ጭነት የተገኘ ገንዘብ ነገ ለባሌስትራና ለጎማ ይመለሳል፤ ፍሬን እንቢ ካለም በሕይወት ይከፈላል።

ወደ ውይይቱ ከመግባታችን በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። እያንዳንዳችሁ ያለፈውን ዓመት ምልልስ ቆጥራችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። ቁጥሩን በቡድን እናሰላዋለን። ስሌቱ "ግዙ" ካለ በልበ ሙሉነት ትገዛላችሁ፤ "ቆዩ" ካለም ጥሪታችሁ በእጃችሁ ነው። ሁለቱም መልስ ትርፍ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እንስማ።