ስሙ ሌላ፣ ጥይቱ ሌላ፦ የአሮጌ ጠመንጃዎችን ጥይት ስለ መለየት



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ጠባብ ሊመስል ይችላል፤ የአንድ አሮጌ የጦር ጠመንጃ ትክክለኛ ጥይት የትኛው ነው? ጥያቄው ግን የሰውን ሕይወትም የታሪክን ማስረጃም ይነካል።

የጠመንጃ ስሞቻችን አብዛኞቹ ከባዕድ ቃላት ተወልደው በአፋችን የተገሩ ናቸው። ውጅግራ የፈረንሳይኛው «ፉዚ ግራ» ነው። ሰናድር ከስናይደር፣ ለበን ከለቤል፣ ምንሽር ከማንሊከር የመጡ ናቸው፤ ቤልጅግ ደግሞ በቤልጅግ የተሠራው ማውዘር ነው። ስሙ የመሣሪያውን ዘር ይጠቁማል፤ ጥይቱን ግን አያረጋግጥም።

ውጅግራን እንውሰድ። በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ ጠመንጃ አንድ ጥይት ብቻ እየጎረሰ የሚተኩስ፣ በጥቁር ባሩድ የሚሠራ፣ አፈሙዙም 11 ሚሊ ሜትር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ግን ፈረንሳይ ከእነዚሁ ጠመንጃዎች የተወሰኑትን በርሜል ለውጣ 8 ሚሊ ሜትሩን የለቤል ጥይት እንዲጎርሱ አደረገች። ስለዚህ በአንድ ስም የሚጠሩ፣ ጥይታቸው ግን የተለያየ ሁለት ጠመንጃዎች አሉ ማለት ነው።

ቁጥርም ብቻውን ያሳስታል። የለቤልና የ1895ቱ ማንሊከር ጥይቶች ሁለቱም «8 ሚሊ ሜትር» ይባላሉ፤ የቀለሃቸው ቅርጽ ግን ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን አይተካም። ማንሊከሩም ቢሆን በኋላ በኦስትሪያና በሀንጋሪ ለረዘመ ቀለህ ተሻሽሏል፤ ብዙውን ጊዜ ይህን የሚያመለክተው በብረቱ ላይ የተመታው የላቲን «ኤስ» ፊደል ነው። በጀርመኑ ማውዘር ጥይት ደግሞ የአረሩ ውፍረት በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ከ8.08 ወደ 8.22 ሚሊ ሜትር አድጓል። ወፍራሙ አረር በጠባቡ በርሜል ቢተኮስ ግፊቱ ከልክ ያልፋል፤ ተኳሹንም ሊጎዳ ይችላል።

እንግዲህ የሚታመነው መሣሪያው ራሱ ነው። አስቀድሞ ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል። ቀጥሎ በብረቱ ላይ ያሉት ምልክቶች ይነበባሉ፤ የበርሜሉ ውስጥ ይለካል። ጥይት የሚጎርሰው ክፍል በዝቅተኛ ሙቀት በሚቀልጥ ብረት ይቀረጽና ቅርጹ ወጥቶ ይለካል። ይህ ሥራ የባለሙያ ነው። «እስቲ ገብቶ እንየው» ማለት ግን ምርመራ አይደለም፤ የገባ ጥይት ሁሉ ትክክለኛ ጥይት አይደለምና።

ይህ ለታሪክ ተማሪ ምን ይጠቅማል? በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጣሊያን ያሰለፈው ወታደር አብዛኛው የያዘው 10.35 ሚሊ ሜትሩን ቬተርሊ ነበር። የተማረከ ቬተርሊ የሚያገለግለው የራሱ ጥይት እስካለ ድረስ ነው፤ የውጅግራ ዝናር አይረዳውም። በ1928ቱ የጣሊያን ወረራም የሠራዊታችን ጠመንጃ ልዩ ልዩ ዓይነት ነበር። ጥይቱ ያለቀበት ባለምንሽር ከጎኑ ካለው ባለቤልጅግ ተበድሮ መዋጋት አይችልም። ስለዚህ «ይህን ያህል ጠመንጃ ነበር» የሚል ሰነድ ስናነብ «ለየትኛው ጥይት?» ብለን መጠየቅ አለብን። የጠመንጃ ብዛት የተኩስ ኃይል ማለት አይደለም።

ለተማሪዎቼ አንድ ምክር ልስጥ። በመስክ ሥራ ጠመንጃ ስትመዘግቡ ባለቤቱ የሚጠራበትን ስም በቃሉ ጻፉ፤ እርሱም ቅርስ ነው። ከጎኑ ግን የአፈሙዙን ስፋት፣ ቀለህ ከተገኘ ርዝመቱን፣ በቀለሁ ቂጥና በብረቱ ላይ ያለውን ምልክት ሁሉ መዝግቡ። ስሙ ሕዝቡ መሣሪያውን እንዴት እንዳወቀው ይነግረናል፤ ልኬቱ መሣሪያው ምን መሥራት ይችል እንደነበር ያሳየናል። ከሁለቱ አንዱ የጎደለበት መዝገብ ግማሽ መዝገብ ነው።