«ጊዜያዊ» የምትለዋን ቃል እናንብባት

ውድ አድማጮቻችን፣ በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ በየመማሪያ ጣቢያው የተሰበሰባችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሉ፣ ደብተራችሁንና እርሳሳችሁን አዘጋጁ። ዛሬ የምንጽፈው አንዲት ቃል ነው፤ የምንጨዋወተው ግን ስለ አገር አስተዳደር ነው።

ነገሩ የመጣው ከተማሪ አፍ ነው። ባለፈው ሰሞን በማታው ክፍል ስናነብ «ካቢኔ» ከሚለው ቃል ላይ ደረስን። አንድ አባት እጃቸውን አነሱና «መምህር፣ ካቢኔንስ እናውቀዋለን፤ ትናንት በሞተር መጥቶ ስብሰባ ጠርቶን አልነበረም እንዴ?» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ግን አባታችን ያለ ነገር አላሉም። በእኛ አካባቢ ከወረዳ የሚመጣውን ሹም ሁሉ «ካቢኔ» ማለት ተለምዷል።

በትክክለኛ ፍቺው ግን ካቢኔ አንድ ሰው አይደለም፤ ጉባኤ ነው። በአገር ደረጃ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ይባላል። አንዱ የግብርናን፣ አንዱ የትምህርትን፣ አንዱ የመከላከያን ሥራ ይዘው ባንድነት ይመክራሉ። ሰብሳቢያቸው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የማዳበሪያው ነገር፣ የትምህርት ቤቱ ነገር፣ የመንገዱ ነገር ከዚያ ጉባኤ ያልፋል። ስለዚህ «ሩቅ ነው፣ እኛን አይመለከተንም» ልንል አንችልም።

ታዲያ የካቢኔ ነገር እጅግ የሚከብድበት ጊዜ አለ። እሱም ወታደር ከሥልጣን ወርዶ፣ ሕዝብ የመረጠው መንግሥት እስኪቆም ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ይህ ጊዜ «የሽግግር ዘመን» ይባላል። በዚያን ጊዜ የሚሾም ካቢኔ አደራ ጠባቂ ነው፤ አደራ ደግሞ የመመለሻ ቀን አለው። እንግዲህ ቃላችን ይህችውላችሁ። በየሰሌዳችሁ ጻፏት፦ ጊ-ዜ-ያ-ዊ። አሁን ባንድ ድምፅ አንብቧት፦ ጊዜያዊ። ጊዜ ያለው፣ ቀን የተቆረጠለት ማለት ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ የሰፈር ነገር ላጫውታችሁ። በዳባት በኩል አንዲት እናት አሉ። ባላቸው ሲሞቱባቸው ሁለት ቃዳ የገብስ መሬታቸውን ለጎረቤት አከራዩ። ውል ተጻፈ፤ እሳቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ሁለት ዓመት አለፈ፣ ሦስተኛው ገባ፣ ሰውዬው ያርሳል። ሲጠይቁት «እማማ፣ ጊዜው ገና ነው፤ መሬትዎ የት ይሄዳል?» ይላቸዋል። አራተኛው ዓመት ላይ እማማ ከእኛ ክፍል ገብተው ፊደል ቆጠሩ። አንድ ማታ ያንን ውል ከመሶብ ሥር አውጥተው ይዘው መጡና በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት፦ «ለሁለት ዓመት»። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ዝም አሉ፤ እንባቸውም መጣ። በማግሥቱ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡና ወረቀቱን ለማንም ሳይሰጡ ራሳቸው አነበቡላቸው። ሰውዬው ሰብሉን ሲያነሳ መሬቱን ለቀቀ። ያለፈው የሁለት ዓመት ገብስ ግን እንዳለፈ ቀረ።

የአገርም ነገር እንዲሁ ነው። እስቲ እንመልከተው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ያወረዱት ወታደሮች ራሳቸውን «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ» ብለው ሰየሙ። ያቺ የእኛ ቃል ከፊት ተቀምጣለች፤ የመመለሻው ቀን ግን አልተጻፈም። ሚኒስትሮችም ነበሩ፤ ብዙዎቹ ሲቪሎች ነበሩ፤ ከላያቸው ግን ደርጉ ነበር። ቀን ያልተቆረጠለት ጊዜያዊ 13 ዓመት ሞላ። እውነቱን ለመናገር፣ ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው በዚያው መንግሥት ዘመን ነው። በ15 ቋንቋዎች ብዙ ወገን ፊደል ቆጠረ። ፊደል የቆጠረው ሰው ግን ያችን «ጊዜያዊ» የምትል ቃል አንብቦ «እስከ መቼ?» ብሎ መጠየቅ አልተፈቀደለትም።

በ1980 ዓ.ም. መባቻ አገሪቱ «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ተባለች። ሕገ መንግሥት ወጣ፣ ሸንጎ ቆመ፣ ደርግ ፈረሰ ተባለ። ፕሬዚዳንቱ ማን ሆኑ? የደርጉ ሊቀ መንበር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም። ጠቅላይ ሚኒስትሩስ? የደርጉ አባል ሻምበል ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ። ልብሱ ተለወጠ፣ ሰዎቹ ቀሩ። ከዚህ የምንማረው፣ ስም ስለተለወጠ ብቻ ወታደራዊ አገዛዝ አበቃ ማለት እንደማይቻል ነው።

ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ከአገር ወጡ። ግንቦት 20 ቀን የኢሕአዴግ ጦር አዲስ አበባ ገባ። በሰኔ ወር መጨረሻ የብዙ ድርጅቶች ተወካዮች በአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው ቻርተር የሚባል ሰነድ አጸደቁ። ያልተጋበዙም ነበሩ። ኢሠፓ አልነበረም፤ ኢሕአፓና መኢሶንም አልነበሩም። ቻርተሩ ሐምሌ 15 ቀን 1983 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ።

በዚህ ቻርተር ሁለት አካላት ቆሙ። አንዱ ከ87 የማይበልጡ መቀመጫዎች ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት ነው። ኢሕአዴግ 32፣ የኦሮሞ ነፃነት ግንባር 12 መቀመጫ ያዙ፤ የቀረውን ሌሎች ተካፈሉት። ሁለተኛው የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ማለትም ካቢኔው ነው። አቶ መለስ ዜናዊ ፕሬዚዳንት፣ አቶ ታምራት ላይኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቹን ያቀርባል፤ ምክር ቤቱ ያጸድቃል። ሲመረጡም የብሔረሰቦች ውክልና፣ የሥራ ችሎታና ለቻርተሩ ታማኝነት እንዲታይ ተጽፏል።

በዚያ ካቢኔ ውስጥ እኛን በቅርብ የሚነኩ ሁለት ወንበሮችን እንይ። ግብርናን አቶ ዘገየ አስፋው ያዙ፤ እሳቸው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ዝግጅት እጃቸው የነበረበት ሰው ናቸው። ትምህርትን አቶ ኢብሳ ጉተማ ያዙ። ሁለቱም ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር ወገን ነበሩ። ዓመትም ሳይሞላ፣ በሰኔ 1984 ዓ.ም. የክልል ምርጫ ሲደረግ፣ ግንባሩ በምርጫው ነገር ተጣልቶ ከመንግሥቱ ወጣ። ወንበሮቹ ለሌሎች ተሰጡ፤ ትምህርት ሚኒስቴር ለወይዘሮ ገነት ዘውዴ ደረሰ። የተለያዩ ወገኖችን ባንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ አብሮ መቆየት ሌላ ነው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። ቻርተሩ ከደርጉ ስያሜ የሚለየው በዚህ ነው፦ ቀን ጽፏል። ብሔራዊ ምርጫው ከሁለት ዓመት ሳይዘገይ ይደረጋል፤ ቢያስፈልግ ምክር ቤቱ ከስድስት ወር የማይበልጥ ጊዜ ሊጨምር ይችላል፤ ከዚያ ሥልጣን ለአሸናፊው ይተላለፋል ይላል። እርሳሳችሁን አንሡና አብረን እንቁጠር። ከሐምሌ 1983 ሁለት ዓመት ሲቆጠር ሐምሌ 1985 ይሆናል። ስድስት ወር ሲጨመር ጥር 1986።

የሆነውስ? ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ምርጫው ግንቦት 1987፣ ርክክቡ ነሐሴ 1987። ሁለት ዓመት ተኩል የተባለው አራት ዓመት ሆነ። የተረከበውም ያስረከበው ድርጅት ነበር። አቶ መለስ ከፕሬዚዳንትነት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት ተዛወሩ። «ሕገ መንግሥት ማርቀቅ ጊዜ ይወስዳል» የሚል ይኖራል፤ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ የእማማም ጎረቤት ምክንያት አላጣም ነበር።

በዚያው ዘመን በምዕራብ አፍሪካ በማሊ አገር፣ ኮሎኔል አማዱ ቱማኒ ቱሬ በመጋቢት 1983 ዓ.ም. ወታደራዊውን መንግሥት ገልብጠው ነበር። አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው፣ በሰኔ 1984 ዓ.ም. ለተመረጠው ለአልፋ ኡማር ኮናሬ አስረከቡ። ከመተማ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ሱዳን ደግሞ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. የ39 ወር ሽግግር ጽፋ በአብደላ ሐምዶክ የሚመራ የሲቪል ካቢኔ አቆመች። ከበላይ ያለውን ምክር ቤት መጀመሪያ ወታደር እንዲመራው፣ ኋላም ለሲቪል እንዲያስረክብ ተስማምተው ነበር። ማስረከቢያው ሲቃረብ፣ ጥቅምት 15 ቀን 2014 ዓ.ም. ወታደሩ ካቢኔውን በተነ። አያችሁ? የተጻፈ ቀን ብቻውን ዘብ አይቆምም። ቀኑን የሚያነብ፣ የሚቆጥርና ሽማግሌ ሰብስቦ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።

ውድ አድማጮች፣ ፊደል የምንቆጥረው ስማችንን ለመፈረም ብቻ አይደለም። «ጊዜያዊ» ሲሉን «እስከ መቼ?»፣ «ሽግግር» ሲሉን «ወደ ምን? ለማንስ ይተላለፋል?» ብለን ለመጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ ያልተማረ ሰውም ያውቀዋል። መልሱን ግን ሌላ ሰው ያነበበለትን ያህል ብቻ ነው የሚያገኘው።

ለቤት ሥራ ይህን እሰጣችኋለሁ። ከቤታችሁ አንድ ወረቀት ፈልጉ፤ የመሬት ደብተር ይሁን፣ የኪራይ ውል ወይም የብድር ደረሰኝ። የተጻፈበትን ቀንና የሚያበቃበትን ቀን ፈልጋችሁ ወራቱን ቁጠሩና በደብተራችሁ ጻፉ። የሚያበቃበት ቀን ካልተገኘ «ቀን የለውም» ብላችሁ ጻፉና ወረቀቱን ለጻፈው ሰው ጥያቄ አቅርቡ። ያልገባችሁን የጣቢያችሁን አስተማሪ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ፣ ደህና ሰንብቱ።