የአንገት እባጭ

እሷ፦ አቦ፣ ድሬዳዋ ውስጥ አንገቱ ላይ ንፍፊት የወጣበት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው «ቲቢ ይሆናል» የሚል ነው።

እሱ፦ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ የዕጢ ቲቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። ችግሩ የሊምፍ ዕጢ ካንሰር የሆነው ሊምፎማም እንደዚያው ያሳብጣል።

እሷ፦ በመርፌ ተወስዶ ቢታይስ?

እሱ፦ ጥርጣሬ ይሰጥሻል። ዓይነቱን ለመለየት ግን ተቆርጦ የወጣ ዕጢ ይሻላል። ፓቶሎጂስቱ የሴሎቹን ምልክቶች በፀረ እንግዳ አካላት ያቀልማል። ሲዲ20 የሚባለው ምልክት ከታየ የቢ ሴል ሊምፎማ ይጠረጠራል፤ ትልልቆቹ ሴሎች ላይ ሲዲ30 እና ሲዲ15 ከታዩ ወደ ሆጅኪን ሊምፎማ ያደላል።

እሷ፦ ስም ማውጣት ብቻ እንዳይሆን!

እሱ፦ ኧረ አይደለም! ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት የሚያነጣጥረው ሲዲ20 ላይ ነው። ምልክቱ ለሌለው በሽተኛ ያን ውድ መድኃኒት ማን ይገዛል?

እሷ፦ የድሬ ሙቀትስ ናሙናውን አይጎዳም?

እሱ፦ ይጎዳል እንጂ! ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ ካልገባ ሴሎቹ ይፈርሳሉ፤ ያኔ ቀለሙም አይታመንም።