የነደደው ከሰል ወዴት ይሄዳል?



በክረምት ማታ ከመሥሪያ ቤት ስትመለሱ ፍም የሞላው ማንደጃ ቢጠብቃችሁ ደስ እንደሚላችሁ የታወቀ ነው። ነገር ግን ማንደጃውን ሞልቶት የነበረው ከሰል በማግሥቱ ጧት ጥቂት አመድ ብቻ ሆኖ ሲገኝ፣ «የቀረውስ ወዴት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይደለም። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ጥያቄ ነው።

ክብደት ያለውና ስፍራ የሚይዝ ነገር ሁሉ ቁስ ይባላል። የቁስ ለውጥ ሁለት ዐይነት ነው። ቅቤ በእሳት ሲቀልጥ መልኩ ይለወጣል እንጂ ቅቤነቱን አይለቅም፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይረጋል። ከሰል ሲነድ ግን ባሕርዩ ራሱ ስለሚለወጥ፣ አመዱን በማቀዝቀዝ ከሰሉን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ይህ ሁለተኛው ለውጥ የኬሚስትሪ ለውጥ ይባላል።

ፈረንሳዊው ሊቅ አንትዋን ላቯዚዬ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ የሚደረገውን ለውጥ በሚዛን እየመዘነ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለው ክብደት እኩል መሆኑን አረጋገጠ። ይህንንም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1789 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገለጠ። ከዚህ የምንረዳው፣ ቁስ ይለወጣል እንጂ ነድዶ እንደማይጠፋ ነው።

እንግዲህ ከሰላችንም አልጠፋም። የከሰል ዋና ክፍል ካርቦን ነው። አየር እንደ ልብ ሲያገኝ 12 ግራም ካርቦን ከ32 ግራም ኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። አየር በማይዳረስበት በተከመረ ፍም መካከል፣ ይልቁንም በርና መስኮቱ በተዘጋ ቤት፣ ያው 12 ግራም ካርቦን ከ16 ግራም ኦክሲጅን ጋራ ብቻ ተዋሕዶ 28 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊሆን ይችላል። የጎደለው የኦክሲጅኑ እኩሌታ ነው፤ የተገኘው ግን ገዳይ መርዝ ነው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደማችን ጋራ የሚጣበቀው ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በሚበልጥ ኀይል ስለሆነ፣ ደም ኦክሲጅን መሸከም ይሳነዋል። የነቃ ሰው ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ይሰማዋል፤ የተኛ ሰው ግን ምንም ሳያውቅ እንደተኛ ሊቀር ይችላል።

ብዙዎች «ፍሙ ቀልቷል፤ ጢሱም ወጥቶለታል፤ አሁን ይግባ» ይላሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ጢስ በዐይን ይታያል፤ ይህ መርዝ ግን አይታይምና የጢሱ ማለቅ ማስረጃ አይሆንም።

ስለዚህ ማንደጃ በእሳቱ ሳለ ወደ መኝታ ቤት ከቶ አይግባ። ቡና ሲፈላም በርና መስኮት ይከፈት። ከሰል በነደደበት ቤት ራሱን ያመመው ሰው ቢኖር፣ ፈጥናችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ወደ ሐኪምም ውሰዱት። ይህንንም ለልጆቻችሁና ለቤት ሠራተኞቻችሁ አስረዱ። ከማንደጃው የጎደለው ከሰል፣ በምትተነፍሱት አየር ውስጥ መኖሩን አትዘንጉ።