ያገለገለ ሞተር አልባ አይሮፕላን ለመግዛት ላሰቡ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ በጀርመን አገር ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን የሚመርጡት ስፖርት እንደ አገሩ ነው። ከነሱም መካከል ቅዳሜና እሁድን በሞተር አልባ አይሮፕላን ክበብ የሚያሳልፉ አሉ። አሁን ጥቂቶቹ ገንዘብ አዋጥተው አንድ ያገለገለ አይሮፕላን ለመግዛትና በክበቦች ውድድር ለመካፈል አስበዋል። ወላጆችም ሁለት ነገር ይጠይቃሉ፤ ገንዘቡ የት ይገባል? ልጁስ በደህና ይመለሳል? እድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ሆኖም አባል በሕይወት ሳለ መመካከሩም የወግ ስለሆነ ኮሚቴው ይህን ንግግር እንዳደርግ ፈቅዷል።

በመጀመሪያ ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ይህ አይሮፕላን በዊንች ገመድ ወይም በባለሞተር አይሮፕላን ተጎትቶ ይነሣል። ገመዱን ከለቀቀ በኋላ ፀሐይ ካጋለችው መሬት ሽቅብ የሚወጣውን ሞቃት አየር ፈልጎ እዚያው ላይ እየዞረ ከፍታ ያገኛል። አሞራ ክንፉን ሳያርገበግብ ሲወጣ ያየ ሁሉ ነገሩን አውቆታል ማለት ነው። ከዚያ ያገኘውን ከፍታ እየመነዘረ ወደ ፊት ይንሸራተታል። በውድድር ቀን ለሁሉም የጉዞ መስመር ይሰጣል፤ በተሻለ ፍጥነት ዞሮ የተመለሰ ብልጫ ያገኛል።

ጀርመን የዚህ ስፖርት መንደር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቬርሳይ ውል በባለሞተር አይሮፕላን ላይ ገደብ ስለጣለ፣ ወጣቶቹ በ1920 በቫሰርኩፐ ተራራ ላይ ያለሞተር የመብረር ውድድር ጀመሩ (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። የሽላይኸር ፋብሪካ ዛሬም የሚገኘው በዚያው ተራራ ግርጌ በፖፐንሃውዘን ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዚህ አገር ፋብሪካዎች ከፋይበርግላስ የተሠሩ አይሮፕላኖችን በመቶ በመቶ አወጡ። ፋይበርግላስ እንደ እንጨት አይበሰብስም፣ ብልም አይበላውም፤ ስለዚህ ከነዚያ አብዛኞቹ እስከ ዛሬ ይበራሉ፣ ይሸጣሉም። አዲስ የውድድር አይሮፕላን ከ100,000 ዩሮ በላይ ሲጠይቅ፣ ደህና ያገለገለ ከ10,000 እስከ 20,000 ዩሮ ባለው ውስጥ ሊገኝ ይችላል። አራት ሆነው ቢካፈሉት የአንዳንድ ቤተሰብ የሁለተኛ መኪና ዋጋ አይሞላም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አሮጌው ከአዲሱ ጋር እንዴት ይወዳደራል? መልሱ ሃንዲካፕ የሚባለው ማመጣጠኛ ቁጥር ነው። ለየዓይነቱ አይሮፕላን እንደ ችሎታው ቁጥር ይሰጠዋል፤ የተሻለው ትልቅ፣ ደካማው ትንሽ ቁጥር ይይዛል። አብራሪው ያስመዘገበው ፍጥነት ለቁጥሩ ተካፍሎ በመቶ ይባዛል። ለምሳሌ ያህል እኔው ቁጥሮች ላስቀምጥ። አንዱ ቁጥሩ 100 በሆነ አይሮፕላን በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ቢበር ውጤቱ 90 ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ 108 በሆነው 96 ቢበር ውጤቱ 88.9 ይሆናል። ሦስተኛው ቁጥሩ 85 በሆነ አሮጌ የእንጨት አይሮፕላን 78 ቢበር 91.8 አገኘ ማለት ነው። መጨረሻ የደረሰው ሰውዬ አሸነፈ! በዚሁ ስሌት የሚካሄደው የክበብ ክፍል ከ2001 ጀምሮ የራሱ የዓለም ሻምፒዮና አለው፤ የመጀመሪያው የተደረገው በአውስትራሊያ በጎለር ነው። በዚህ ክፍል ፍጥነት ለመጨመር ክንፍ ውስጥ ውሃ መጫን ክልክል ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ በሃንዲካፕ ውድድር የተሻለ አይሮፕላን በመግዛት ብልጫ አይገዛም። በገንዘብ ያገኙትን ብልጫ ስሌቱ መልሶ ይወስደዋል። የማይወሰደው የአብራሪው ልምድ፣ የአይሮፕላኑ ደህንነትና የተበረረበት ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ 15,000 ዩሮ ያላቸው ልጆች ሙሉውን ለግዢ አውለው መሬት ላይ ከሚቀመጡ፣ በ11,000 ገዝተው በቀረው ሁለት የበጋ ወራት ቢበሩ ይሻላቸዋል።

ይሁን እንጂ ቁጥሩ ፍጹም ነው ማለቴ አይደለም። የሚወጣው መካከለኛውን ቀን ታስቦ ነው። ኃይለኛ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ቀላልና ዘገምተኛው አሮጌ ከቁጥሩ በላይ ይጎዳል። ካ 6 የተባለው፣ ሩዶልፍ ካይዘር የነደፈው የእንጨት አይሮፕላን ለስላሳ በሆነ ቀን ያስደስታል፤ ዋጋውም ጥቂት ሺህ ነው። ነገር ግን ነፋስ በሚበዛበት ሜዳ ለውድድር አልመክረውም፤ እንጨቱና ሙጫውም ደረቅ ማደሪያ ይፈልጋሉ።

ለልጆቻችን የሚስማሙት 15 ሜትር ክንፍ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ የፋይበርግላስ ዓይነቶች ናቸው። ሽታንዳርድ ሲሩስ በክላውስ ሆሊግሃውስ ተነድፎ በ1969 የበረረ ነው። በጸጥተኛ አየር ከ1,000 ሜትር ከፍታ ከ35 ኪሎ ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ብዙ ስለተሠራ ዕቃውም ጥገና የሚያውቀው ሰውም አይጠፋም። የጅራቱ አግድም ክንፍ እንዳለ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ ግን አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ሲያደርጉ እጅ መቅለል አለበት። ኤ ኤስ ቬ 15ም በዚህ በኩል እንደሱ ነው። ሊበለ የተባለው ቀላልና የተወደደ ነው፤ ነገር ግን መቀመጫው ጠባብ ነው፣ የአየር ፍሬኑም ኃይለኛ አይደለም፤ ስለዚህ አጭር ማሳ ላይ ለማረፍ ልምድ ይጠይቃል። ኤል ኤስ 4 በ1980 የወጣ፣ ጠባዩ ገራም የሆነ አይሮፕላን ነው፤ ዋጋው ከነዚህ ከፍ ይላል፣ ቁጥሩም እንዲሁ።

ዓይነቱ ከተመረጠ በኋላ ምርመራው ይቀጥላል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በፎቶግራፍ ብቻ አይገዛም። እነዚህን ነጥቦች በወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።

አንደኛ፣ ቆዳውን እዩ። ጄልኮት የሚባለው ነጭ ሽፋን በፀሐይና በብርድ ብዛት ይሰነጣጠቃል። ሙሉውን አስልጦ ማስቀባት ከአይሮፕላኑ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ርካሽ የተባለው ውድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ መዝገቡን አንብቡ። ስንት ሰዓት በረረ? ስንት ጊዜ ተነሣ? ብዙዎቹ የፋይበርግላስ አይሮፕላኖች 3,000 ሰዓት ሲሞላቸው፣ ከዚያም በየደረጃው ልዩ ምርመራ ይደረግላቸዋል። ምርመራው ከተቃረበ ወጪው ከዋጋው ላይ ይቀነስ። የመጎተቻው መንጠቆም በ2,000 ማስነሣት ይታደሳል። ተሰብሮ ከተጠገነ ማን እንደጠገነውና ማን እንደፈረመ ይጻፍ፤ ያልተጻፈ ጥገና ያልተደረገ ጥገና ነው።

ሦስተኛ፣ ተጎታቹን አትናቁ። ልጁ ማሳ ላይ ካረፈ አይሮፕላኑ ተፈታትቶ የሚመጣው በሱ ነው። ዝናብ የሚያስገባ ተጎታች ጤነኛ አይሮፕላን ያበላሻል።

አራተኛ፣ ከዕቃው ጋር ምን እንደሚሰጥ ጠይቁ። ፓራሹት፣ በአውሮፓ የሚፈለገው የ8.33 ኪሎኸርዝ ሬዲዮ፣ ሌላ አይሮፕላን ሲቃረብ የሚያስጠነቅቀው ፍላርም፣ እነዚህ ለየብቻ ሲገዙ ብዙ ያስወጣሉ።

አምስተኛ፣ አራቱም ልጆች ተራ በተራ ፓራሹት ታጥቀው ይቀመጡበት። መቀመጫው ዝቅተኛም ከፍተኛም የክብደት ወሰን አለው። ከዝቅተኛው በታች የሆነ ልጅ የእርሳስ ክብደት ሳይጨምር ቢበር ሚዛኑ ወደ ኋላ ይሄድበታል፤ ይኸውም ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሻጩ ጋር ያልተዛመደ፣ የአይሮፕላን መርማሪ ፈቃድ ያለው ሰው ከፍላችሁ ውሰዱ። ለመርማሪ የሚከፈለው ከጥገናው ሁሌም ያንሳል።

ዋጋው ተከፍሎ ነገሩ አያልቅም። ኢንሹራንስ፣ ዓመታዊ ምርመራ፣ የማሳደሪያ ኪራይ፣ የማስነሻ ክፍያ በየዓመቱ አሉ። እዚህ ላይ የእድራችን ልምድ ይጠቅማቸዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው መዋጮው ኃይል ነው፤ ያለ ደንብ ግን ማኅበር ወዳጅነትን ያፈርሳል። ወርሃዊው መዋጮ ስንት ነው? የሰበረ ምን ይከፍላል? አንዱ ቢለቅ ድርሻው በስንት ይሰላል? በውድድር ቀን ማን ይበራል? ይህ ሁሉ ከግዢው በፊት ተጽፎ ይፈረም፤ ገንዘብ ያዥም ይመረጥ።

የመጨረሻው ቃሌ ስለ ሕይወት ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በአዲሱ አይሮፕላን የመጀመሪያው በጋ ለውድድር አይሁን። ልጆቹ በክበቡ አስተማሪ ፊት ጸጥ ባለ ቀን ይጀምሩ፤ ማረፉን ይደጋግሙ፤ ማሳ መምረጥን ይለማመዱ። ከፍታው ሲያልቅ ነጥብ ለማትረፍ ብሎ ጫካ ላይ መዋል አይገባም፤ በጊዜ ማሳ መርጦ ያረፈ አብራሪ ነጥብ ቢያጣ ለሚቀጥለው ቀን ይተርፋል። ወላጆችም ልጁን “ስንተኛ ወጣህ?” ከማለታችሁ በፊት “እንዴት አረፍክ?” በሉት።

የእድራችን ሣጥን ለማንኛውም አባል ክፍት ነው፤ ለወጣት ግን ባይከፈት ደስ ይለናል። ግዢውን ያሰቡት ልጆች ደንባቸውን ሲያረቁ ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን አጠገባቸው ቢቀመጡ መልካም ነው እላለሁ።