ዋጋው ሳይታወቅ የሚከፈል ቀብድ፦ ወደ መጀመሪያ ምርጫ ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ስለ ማመልከት

(በሰሚትና በአካባቢው ለሚኖሩ ወላጆች፣ መምህራንና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የቀረበ የሕዝብ ንግግር ሙሉ ቃል)

 

የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ጠባብ ነው። አንድ ተማሪ ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ የሚፈልገው አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢኖር፣ ለእርሱ ብቻ አስቀድሞ ማመልከት ይገባዋልን? ልጆቻቸውን ወደ አሜሪካ ልከው ለማስተማር የሚያስቡ የዚህ ሰፈር ወላጆች መስከረም በጠባ ቁጥር ይህን ይጠይቁኛል። እኔ የምጣኔ ሀብት መምህር ነኝ፤ መልሴም ከሙያዬ ይመነጫል። ጠባብ የሚመስለው ጥያቄ ግን የአንድን ቤተሰብ የብዙ ዓመት ጥሪት የሚነካ ስለሆነ፣ በወሬና በፉክክር ሳይሆን በስሌት ሊመለስ ይገባዋል።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። በአሜሪካ ብዙዎቹ የታወቁ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከአንድ በላይ በሆነ ዙር ነው። የቅድሚያው ዙር ብዙውን ጊዜ የሚዘጋው በኖቬምበር 1፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ገደማ ነው፤ ውጤቱም በታኅሣሥ የመጀመሪያ ሳምንታት ይታወቃል። መደበኛው ዙር ታኅሣሥ 23 አካባቢ ይዘጋል፤ ውጤቱ እስከ መጋቢት የመጨረሻ ቀናት ይደርሳል፤ ተማሪው ከተቀበሉት ሁሉ አንዱን መርጦ እስከ ሚያዝያ 23 ያሳውቃል።

የቅድሚያው ዙር ራሱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ‹ኧርሊ አክሽን› የሚባለው ነው። ተማሪው ቀድሞ ያመለክታል፣ ቀድሞ መልስ ያገኛል፣ ነገር ግን አይታሰርም፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ማወዳደር ይችላል። ሁለተኛው ‹ኧርሊ ዲሲዥን› ነው፤ ይህ ያስራል። በዚህ መንገድ የሚያመለክት ተማሪ፣ ተቀባይነት ካገኘ ሌሎች ማመልከቻዎቹን ሁሉ ሰርዞ ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ቃል ይገባል። ስምምነቱ ላይ ተማሪው ብቻ ሳይሆን ወላጁና የትምህርት ቤቱ አማካሪም ይፈርማሉ። የስማቸው መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ቤት ለማየት በመሄድና የቤት ሽያጭ ውል በመፈረም መካከል ያለውን ያህል ነው።

ታዲያ ተማሪ ለምን ይታሰራል? ምክንያቱ የመግባት ዕድሉ ከፍ ይላል ተብሎ ስለሚታመን ነው፤ እምነቱም መሠረት የለሽ አይደለም። ክሪስቶፈር ኤቨሪ፣ አንድሩ ፌርባንክስና ሪቻርድ ዜክሃውዘር እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቀድሞ ማመልከት የሚሰጠው ብልጫ በ1600 ነጥብ በሚለካው የሳት ፈተና ላይ 100 ያህል ነጥብ ከመጨመር ጋር እንደሚስተካከል አሳይተዋል። ዩኒቨርሲቲውም የሚያተርፈው አለው፤ የተቀበለው ተማሪ እንደሚመጣ ያውቃል፣ መቀመጫውን ቀድሞ ይሞላል። እንግዲህ ይህ ልውውጥ ነው። ተማሪው የማወዳደር መብቱን ይሰጣል፤ በምላሹ የተሻለ ዕድል ይቀበላል።

በየትኛውም ልውውጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «የምሰጠው ነገር ለእኔ ምን ያህል ያወጣል?» የሚለው ነው። መልሱ ከቤት ቤት ይለያያል። የየትኛውንም ዩኒቨርሲቲ ሙሉ ክፍያ ያለ ችግር መክፈል ለሚችል ቤተሰብ፣ የማወዳደር መብት ብዙ ዋጋ የለውም፤ ቢሰጠው ብዙም አይጎዳም። የገንዘብ ድጋፍ ለሚፈልግ ቤተሰብ ግን ማወዳደር ማለት በመጋቢት መጨረሻ ሦስት አራት ደብዳቤዎችን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ማን ምን ያህል እንደሚሸፍን አይቶ መወሰን ማለት ነው። ይህን መብት አሳልፎ የሚሰጠው አብዝቶ የሚያስፈልገው ሰው ከሆነ፣ ዋጋው ከባድ ነው።

ሃርቫርድ እ.ኤ.አ. በ2006 የቅድሚያ ቅበላውን ማቆሙን ያስታወቀው አሠራሩ አስቀድሞ የተጠቀሙትን የበለጠ ይጠቅማል በሚል ምክንያት ነበር፤ ፕሪንስተንና የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲም ተከተሉት። ሌሎች ተወዳዳሪዎቻቸው ግን አልተከተሉም፤ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2011 የማያስገድድ የቅድሚያ ዙር ይዘው ተመለሱ።

ጉዳዩን ወደ እኛ ቋንቋና ሕግ ባመጣው፣ አስገዳጁ ማመልከቻ ቀብድ ነው። ቤት የተከራየ ወይም የገዛ ሁሉ ቀብድን ያውቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ይደነግጋል፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ ተቀባዩ ቢተው ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በዚህ ሕግ ውስጥ ሁለት ጥበቦች አሉ። አንደኛው፣ ቀብድ ሁለቱንም ወገን ያስራል። ሁለተኛው፣ ቀብድ የሚከፈለው ዋጋው ላይ ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ነው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ሰው የቤቱን ዋጋ ሳይጠይቅ ቀብድ ቢከፍል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ይታዘበዋል።

ኧርሊ ዲሲዥን በሁለቱም በኩል ይለያል። ተማሪው ቃሉን የሚሰጠው በጥቅምት ነው፤ ለእርሱ የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ መጠን የሚነገረው ግን ከተቀበሉት በኋላ፣ በታኅሣሥ ነው። ዋጋው ሳይታወቅ ቀብዱ ተከፍሏል ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ያቀረበው ድጋፍ ሳይበቃ ቢቀር ደግሞ እጥፍ የሚመልሰው ነገር የለም። እርግጥ ነው፣ ድጋፉ በቂ ካልሆነ ተማሪው ከስምምነቱ እንዲለቀቅ መጠየቅ ይችላል፤ ይህም በግልጽ የሚታወቅ መብት ነው። ነገር ግን የሌሎቹን ዩኒቨርሲቲዎች ደብዳቤ ሳያይ በጥቂት ቀናት ውስጥ መወሰን አለበት። «አይበቃኝም» ብሎ የለቀቀውን በመጋቢት ቢመኘው አያገኘውም። «እንደምንም እንሞላዋለን» ያለ ቤተሰብ ደግሞ ለአራት ዓመት የሚከፈል ዕዳ ውስጥ ገብቷል።

ይህን «እንደምንም» በቁጥር ላሳያችሁ። ዛሬ በአሜሪካ የብዙ ታዋቂ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ዓመት ጠቅላላ ወጪ ወደ 90,000 ዶላር ተጠግቷል፤ ከዚያ ያለፈም አለ። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ ውስጥ 84,000ውን ሸፈነ እንበል፤ ለቤተሰቡ በዓመት 6,000 ዶላር ቀረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ይህ ክፍተት 342,000 ብር ማለት ነው። በ120 ብር ብናሰላው 720,000 ብር ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው ዋጋ አልጨመረም፣ ተማሪው አልሰነፈም፣ የአባት ደመወዝም አላደገም፤ ዕዳው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስለዚህ በብር ለሚተዳደር ቤተሰብ የክፍተቱ ትንሽ መሆን ብቻ አይበቃም፤ ለአራት ዓመት በዶላር የሚቆጠር ክፍተት ራሱ ሥጋት ነው።

በዚህ ረገድ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ዓይነት አይደሉም። ጥቂቶቹ የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅም ሳያዩ ይቀበላሉ፤ የተቀበሉትንም ሰው የተረጋገጠ የገንዘብ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና አምኸርስት ከእነዚህ መካከል ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ ግን ለውጭ አገር ተማሪዎች የመደቡት ገንዘብ ውስን በመሆኑ፣ ድጋፍ መጠየቅ ራሱ የመቀበል ዕድልን ሊቀንስ ይችላል። ልብ በሉ፦ ሃርቫርድ፣ ዬልና ፕሪንስተን የቅድሚያ ዙራቸው ተማሪውን አያስርም፤ በዚያው ዙር በሌሎች የግል ዩኒቨርሲቲዎች እንዳያመለክት ብቻ ይገድቡታል። የገንዘብ ሥጋቱ ካነሰባቸው ስፍራዎች ሦስቱ ቀብድ አይጠይቁም ማለት ነው።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የጊዜ ጉዳይ አለ። ትምህርት በእኛ አገር የሚጀመረው በመስከረም ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ ጥቅምት 22 ያለው ጊዜ ሰባት ሳምንት ከሦስት ቀን ብቻ ነው። በዚህ ውስጥ ድርሰት ይጻፋል፣ የመምህራን የድጋፍ ደብዳቤ ይሰበሰባል፣ ትራንስክሪፕት ይዘጋጃል፣ የቤተሰብ ገቢ ማስረጃም ተተርጉሞ ይቀርባል። በዚያን ጊዜ የሚታየው ውጤት ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያለው ነው። 11ኛ ክፍል ላይ ተዳክሞ በ12ኛ የበረታ ተማሪ፣ ጥረቱ የሚታይለት በመደበኛው ዙር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ የተጻፈ ድርሰት ቀድሞ ስለ ደረሰ ብቻ አይመረጥም።

አንዳንዶቻችሁ «ልጄ ወደ ውጭ አይሄድም፤ ይህ ምን አገባኝ?» ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል። የመጀመሪያ ምርጫን ቀድሞ የማሳወቅ ጣጣ የሁሉም ምደባ ጣጣ ነው። ዴቪድ ጌልና ሎይድ ሻፕሊ እ.ኤ.አ. በ1962 ስለ ኮሌጅ ቅበላ ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ አንድ መላ አቅርበዋል፦ ተቋሙ አመልካቹን ለጊዜው ይይዛል እንጂ ወዲያው አይቆርጥለትም፤ የተሻለ አመልካች ሲመጣ ያወዳድራል፤ የመጨረሻው ውሳኔ የሚጸናው ሁሉም ከተስተናገደ በኋላ ነው። በዚህ አሠራር ተማሪው የልቡን ምርጫ በቅደም ተከተል ቢጽፍ አይጎዳም። በዚህ ዘርፍ ለተሠራው ሥራ ሻፕሊና አልቪን ሮት እ.ኤ.አ. በ2012 የምጣኔ ሀብት ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። በተቃራኒው፣ የቦስተን ከተማ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ትምህርት ቤቶቿን ስትደለድል የምትጠቀምበት ዘዴ የመጀመሪያ ምርጫን ወዲያው የሚያጸና ነበር። የመጀመሪያ ምርጫው ያልተሳካለት ልጅ ወደ ሁለተኛው ሲሄድ ቦታው በሌሎች ተይዞ ይጠብቀው ነበር። ስለዚህ ብልህ ወላጅ የልቡን ሳይሆን የሚሳካለትን ይጽፍ ነበር።

ይህ ለእኛም ቅርብ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለቅድመ ምረቃ አመልካቾች የራሱን የመግቢያ ፈተና መስጠት ጀምሯል፤ የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም አመልካቾቻቸውን በመግቢያ ፈተና ሲለዩ ቆይተዋል። ስለዚህ የትኛውንም የምርጫ ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የመጀመሪያው ባይሳካልኝ በሁለተኛው ላይ ተራዬን አጣለሁን?» መልሱ «አታጣም» ከሆነ የልባችሁን ጻፉ። «ታጣለህ» ከሆነ የመጀመሪያው መስመር የምኞት ብቻ ሳይሆን የስሌትም መስመር መሆኑን እወቁ።

ደግሞም በታኅሣሥ ከውጭ የመጣ የምሥራች የሰኔን ፈተና አያስረሳ። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበሩ። ቪዛ ሊከለከል፣ ድጋፍ ሊጓደል ይችላል፤ አገር ውስጥ ያለውን በር ክፍት አድርጎ የሚያቆየው ይህ ፈተና ነው።

እንግዲህ መልሴን ላጠቃልል። አስገዳጁን ማመልከቻ ፈርሙ የምለው ለሦስት ጥያቄዎች አዎንታዊ መልስ ላለው ተማሪ ነው። አንደኛ፣ ይህ ዩኒቨርሲቲ ከሁለተኛው ምርጫ በሰፊ ርቀት ይበልጣልን? ልዩነቱ የስም ብቻ ከሆነ ማወዳደርን መሸጥ አያዋጣም። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው ለውጭ አገር ተማሪ ሙሉ ፍላጎትን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አስታውቋልን? ቤተሰቡስ ሊከፍል የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ከመፈረሙ በፊት በወረቀት አስፍሯልን? ሦስተኛ፣ ማመልከቻው በጥቅምት ከታኅሣሥ ያልተናነሰ ጥራት አለውን? ከሦስቱ አንዱ እንኳ ቢጎድል፣ የማያስገድደውን የቅድሚያ ዙር ወይም መደበኛውን ዙር ምረጡ። በተለይ ሁለተኛው ጥያቄ ካልተመለሰ፣ የመጀመሪያውና ሦስተኛው የቱንም ያህል ቢያምሩ አትፈርሙ።

ለወላጆች አንድ ቃል ልጨምር። ልጃችሁ የምትመኘውን ዩኒቨርሲቲ ስም ስትነግራችሁ፣ የቤታችሁን አቅም ከእርሷ አትደብቁ። ብዙ ወላጅ ልጁ እንዳታዝን ብሎ ዝም ይላል፤ ልጅቱም አባቷ ይችላል ብላ ትፈርማለች። መጥኖ መደቆስ ድስቱ ከመጣዱ በፊት ነው። በመስከረም በአንድ ምሽት የሚደረግ ግልጽ ንግግር፣ በታኅሣሥ ከሚመጣ እንባ ይሻላል። ለመምህራንና ለአማካሪዎች ደግሞ፦ ፊርማችሁ ስምምነቱ ላይ አለ። በቂ ምክንያት ሳይኖር የታጠፈ ቃል የሚጎዳው አንዱን ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ከርሞ ከዚያው ትምህርት ቤት የሚያመለክቱትንም ሊያስጠረጥር ይችላል።

ተማሪዎች ሆይ፤ ቀድሞ ማመልከት የትጋት ማረጋገጫ አይደለም፤ ዘግይቶ ማመልከትም የፍርሃት ምልክት አይደለም። ሁለቱም የክፍያ ዓይነቶች ናቸው። የምትከፍሉትን እወቁ፤ ከዚያ ምረጡ።

 አሁን መድረኩ ለጥያቄያችሁ ክፍት ነው።